ከቶኪዮ ባንኮክ አምስት ሰዓት

የትኬት ቢሮው ባለቤት ጠረጴዛው ሥር ተዘርሮ ተገኘ። ጭንቅላቱን የፈነከተው ጠረጴዛው ላይ ለጌጥ የሚቀመጠው የብረት አውሮፕላን ነው። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አየችውና ወገቧን ይዛ ቀና አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ሬሳ ስታይ ኖራለች፤ አሁንስ በቁሟ ደከማት።

አለቃዋ ሰው ይዟል፤ ትናንት ማታ መጨረሻ ከሟች ጋር የታየችውን ትኬት ቆራጭ። እስከ ቀትር ሌላ ካልተገኘ እስር ቤት ትወርዳለች።

«እኔ ስወጣ ደህና ነበሩ» አለች ልጅቷ። ጡቷ ወተት አግቶ ቀሚሷን አርሶታል። «ቤት የማጠባው ልጅ አለኝ፤ በፈጠረዎት!»

«አይዞሽ ልጄ፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለቻት መርማሪዋ። እስኪጠራ ሕፃኑን ማን ያጠባዋል?

የሟች ሚስት ጥግ ይዛ ታለቅሳለች። «ባልሽ ከማን ጋር ይጣላ ነበር?» ስትባል «ከማንም» አለች፤ ዓይኗ ግን በሩ አጠገብ ወደቆመው የባሏ ታናሽ ወንድም ሄዶ ተመለሰ።

ወንድምየው ዛሬ ጠዋት ነው የገባሁት ይላል። ስልኩ ላይ ትኬቱን አሳየ፤ ትናንት ከቶኪዮ በአራት ሰዓት ተነስቶ ባንኮክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከዚያ ሌሊቱን ወደዚህ። ፓስፖርቴን ታክሲ ውስጥ ረሳሁት አለ። አየር መንገዱ መልስ የሚሰጠው ነገ ነው።

«ቶኪዮና ባንኮክ ይራራቃሉ?»

«አራት ሺህ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ቀላል ነው? አምስት ሰዓት ሙሉ ዓይኔን ሳልከድን፣ ደቂቃ ስቆጥር!»

«ታድለህ» አለች፣ ወንበር ስባ እየተቀመጠች። ፊት ለፊቷ ሁለት የግድግዳ ሰዓቶች ተሰቅለዋል፤ አንዱ ሥር ቶኪዮ፣ ሌላው ሥር ባንኮክ ይላል። ሰዓቶቹ ላይ ብዙ ስለቆየች ሰዎቹ ያንቀላፋች መሰላቸው። ከዚያ ሁሉንም ወደ ግድግዳው ጠራቻቸው።

«የቶኪዮው ስንት ይላል?»

«ስምንት» አለች ሚስትየው።

«የባንኮኩስ?»

«ስድስት።»

«ትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው። ባንኮክ ዘጠኝ ሲል ቶኪዮ ስንት ይሆናል?»

«አስራ አንድ» አለች ትኬት ቆራጯ።

«እንግዲህ ከአራት እስከ አስራ አንድ፣ ሰባት ሰዓት ነው» አለች መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞራ። «ተኝቼ ነበር ብትል አምንህ ነበር። ደቂቃ የቆጠረ ሰው ግን ሁለት ሰዓት አይጎድልበትም። አምስት የሚለው ትኬቱን ያነበበ እንጂ የተሳፈረ አይደለም። አንተ ቀድመህ ገብተሃል።»

ወንድምየው ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

«ድንገት ደርሼ ደስ ላሰኘው ብዬ ነው ቀደም ያልኩት። ሁልጊዜ ‹ሂድ› ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ‹እደር› ብሎኝ አያውቅም። ትናንትም ገና በሩን ሳልፍ ‹ምነው ዛሬ መጣህ?› አለኝ። ደሜ ፈላ።»

ሚስትየው ለቅሶዋን አቆመች።

«ክፍል እያስቀባልህ ነበር እኮ! ‹ነገ ይገባል፤ ከእንግዲህ የትም አይሄድም› ብሎኛል። ‹ምነው ዛሬ› ያለህ ቀለሙ ስላልደረቀ ነው።»

መርማሪዋ በሩን ከፈተችና «ሂጂ፣ ልጅሽን አጥቢ» አለቻት ለትኬት ቆራጯ።