የተዋስኩት ትንፋሽ

ሆኗል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ በትምህርት ቤቱ የኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ያላየሁትን አልጨምርም።

መጀመሪያ ግን ስለዚያ ክፉ ወቅት ልጻፍላችሁ።

አሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል። ዝናቡ ቀረ። ቧንቧው ሰባት ወር ደረቀ። ሰው በአንድ ጀሪካን ውሃ የተነሣ ወዳጁን ተቀየመ። ትምህርት ቤቱ ግማሽ ቀን ብቻ ይሠራ ነበር። አቧራው ሳል አመጣ። ሳሉ መጀመሪያ ሽማግሌዎችን ወሰደ፣ ቀጥሎ ሕፃናትን። በመጨረሻ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሚያለቅስ ጠፋ። እንባም ውሃ ነው።

እኔ የላቦራቶሪው ዕቃ ጠባቂ ነኝ። ብልቃጥ አጥባለሁ፣ ጠርሙስ እሞላለሁ፣ ቁልፍ እይዛለሁ። ተማሪዎቹ «አባ ብልቃጥ» ይሉኛል። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ኬሚስትሪ የተማርኩት በዕቃ ቤቱ በር ስንጥቅ ነው።

የዚያን ጊዜው መምህር ረጅም ሰው ነበር። በበሩ ሲገባ ጎንበስ ይላል። እኩያዬ ነው፣ አንተ እንባባል ነበር።

ስለ ጨው ያስተማረበትን ቀን አልረሳም።

«ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ይተርፈዋል። ክሎሪን አንድ ይጎድለዋል። ያ ይሰጣል፣ ይህ ይቀበላል። ሁለቱም አዮን ይሆናሉ፣ ከዚያ ይጣበቃሉ።»

አንዲት ቀልደኛ ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ሶዲየም የሰጠው በውሰት ነው ወይስ በስጦታ?»

«ምሳሽ ውስጥ ስታገኚው ጠይቂው» አላት።

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ከበሩ ኋላ ሆኜ ሳቅሁ።

ሌላ ቀን ደግሞ «አሲድና ቤዝ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ክፋት ይገድላል፤ የሚቀረው ጨውና ውሃ ነው» ሲል ሰማሁት።

ውሃ... በዚያ ድርቅ ያቺ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች።

ከትምህርት የተረፈ አሲድ በባልዲ ይጠራቀማል። ደንቡ በብዙ ውሃ አቅጥኖ መድፋት ነበር። ውሃ የለም። ባልዲው ሞላ።

ጥግ ላይ በረኪና ነበር። ቀይ የሊትመስ ወረቀት ነከርኩበት። ሰማያዊ ሆነ። ቤዝ ነው ማለት ነው።

ትንሽ ቆይቶ ወረቀቱ ነጭ ሆነ። ያንን ልብ አላልኩትም።

ጠረኑ ተማሪዎቹን እንዳይረብሽ የዕቃ ቤቱን በር ዘጋሁ። በረኪናውን አሲዱ ላይ ገለበጥኩት።

ጨውና ውሃ አልሆነም።

ቢጫ ያለበት አረንጓዴ የክሎሪን ጭጋግ ተነሣ... ደረቴ እንደ በር ተዘጋ... ወደቅሁ።

በሩን ሰብሮ የገባው መምህሩ ነው። ጎትቶ አወጣኝ። መተንፈስ አቁሜ ነበር አሉ። አፉን አፌ ላይ ገጥሞ የራሱን ትንፋሽ ሰጠኝ። ደጋግሞ። ስነቃ አፌ ጠመኔ ጠመኔ ይል ነበር።

እኔ በሳምንቴ ተነሣሁ። እሱ ያን ጭጋግ ስቦ ነበር፣ ሳንባው አልዳነም። ሲተነፍስ ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ እንደሚነፍስ ንፋስ ያፏጫል።

አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። «ምን ልክፈልህ?» አልኩት።

«ለትንፋሼ?» አለ። ፈገግ አለ። «ስጦታ እንዳይመስልህ አባ ብልቃጥ። ውሰት ነው። ስፈልገው መጥቼ እወስዳለሁ።»

ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ።

ዝናቡ በመጣ በሳምንቱ ሞተ። ከዚያ ወዲህ በረኪና በእጄ ነክቼ አላውቅም።

ያለፈው ዓመት አዲስ መምህርት መጣች። ልጅ ናት፣ ጎበዝ ናት። «አባባ» ትለኛለች።

ስለ ትንፋሽ ልታስተምር ነበር። የኖራ ውሃ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው። በስትሮ ሲተነፍሱበት ወተት ይመስላል። በትንፋሻችን ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኖራው ጋር ሲዋሐድ ነው የሚነጣው። ተማሪ ሁሉ ይወደዋል።

ከሰዓት በኋላ አሥራ ሁለት የሙከራ ቱቦ በኖራ ውሃ ሞላሁ። በቡሽ ከደንኳቸው። ክፍሉን ቆለፍኩ። ቁልፉ አንድ ነው፣ ከአንገቴ አይወርድም።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከፈትኩ።

አሥራ አንዱ እንደጠሩ ናቸው።

አንዱ ወተት ሆኗል...

ቡሹ ወልቆ ከጎኑ ተቀምጧል። ተገልብጦ። ቱቦ ውስጥ የሚገባው ጫፍ ወደ ላይ፣ ጠረጴዛው እንዳያቆሽሸው። ይህን ደንብ ያስተማረኝ ሟቹ መምህር ነው። ዛሬ ከእኔ በቀር የሚጠብቀው የለም።

ቱቦውን በኮምጣጤ አጥቤ እንደገና ሞላሁት።

በማግስቱ ሁለት ነጡ።

የበሩን ዘበኛ ጠየቅሁት።

«ትናንት ወደ ላቦራቶሪው የሄደ ሰው አይተሃል?»

«ምን ጠፋህ?»

«ምንም። የኖራ ውሃዬ ነጣብኝ።»

«ጉድ ነው» አለ። «ሌባው ሊሰርቅ ገብቶ ቀለም ቀባልህ?»

ትቼው ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን መስኮቶቹን አየሁ። የብረት ፍርግርግ አላቸው። በሩ ላይ ቀጭን ክር አሰርኩ። ጠዋት ስመጣ ክሩ እንዳለ ነው።

ሦስት ቱቦ ነጥቷል። አራተኛው... ቡሹ ወልቋል፣ ውሃው ግን ጥርት ያለ ነው።

ከነጡት ይልቅ ይህ አሳሰበኝ።

መምህርቷ ስትመጣ ጠየቅኋት።

«ልጄ፣ ተተንፍሶበት ጥርት ብሎ የሚቀር የኖራ ውሃ አለ?»

«አለ አባባ። መጀመሪያ ይነጣል። ሳያቋርጡ ረጅም ጊዜ ሲነፉበት ተመልሶ ይጠራል።»

«ምን ያህል ጊዜ?»

«ብዙ ነው። ጤነኛ ሰው እንኳ ይደክመዋል። ሲያሞቁት ግን እንደገና ይነጣል፣ በዚያ ይታወቃል።» ቀና ብላ አየችኝ። «ምነው፣ ፈተና ሊቀመጡ ነው እንዴ?»

«በእኔ ዕድሜ የሚቀረው ፈተና አንድ ነው።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ስትወጣ አራተኛውን ቱቦ በአልኮል መብራቱ ላይ ያዝኩት። ቀስ ብሎ... ከታች ጀምሮ... ነጣ።

በተቆለፈ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ረጅም ጊዜ ሲተነፍስ ቆይቷል።

ያን ጊዜ ባለቤቴ በሕይወት ነበረች። ግማሽ አካሏ ከሰነፈ አምስት ዓመቷ ነበር። ልጅ አልወለድንም። አጥባታለሁ፣ አጎርሳታለሁ፣ ጀርባዋ እንዳይቆስል በየሦስት ሰዓቱ አገላብጣታለሁ። ሥራ ስሄድ ጎረቤታችን ብቅ ትላለች። የባለቤቴ ምላስ ግን አልሰነፈም።

«አንተ ሰው» አለችኝ ያን ቀን ስገባ። «በረኪና በረኪና ትሸታለህ።»

«አልነካሁም።»

«አፍንጫዬም ሰነፈ ልትለኝ ነው?»

«ልብሴ ይሆናል።»

«ጠጋ በል።» ጠጋ አልኳት። «ልብስህ አይደለም። ትንፋሽህ ነው።»

አፌን በእጄ ከደንኩ።

«ከእኔ በፊት እንዳትሞት» አለች። «ማን ያገላብጠኛል? ጎረቤቷ እንደ ጆንያ ነው የምትወረውረኝ።»

«አልሞትም።»

«ማል።»

ማልኩላት።

በማግስቱ ጠዋት ገብቼ በሩን ከውስጥ ዘጋሁ።

ቡሹ የወለቀው የአንድ ቱቦ ብቻ ነው። ስትሮ ገብቶበታል።

ስትሮውን እኔ አላስገባሁም።

ድምፁን ሰማሁ። ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ እንደሚነፍስ ንፋስ...

«አንተ ነህ?» አልኩ በሹክሹክታ።

ቡልቅ።

ከስትሮው ጫፍ አንድ አረፋ ወጣ። አንድ ብቻ።

«ለውሰቱ ነው?»

ቡልቅ።

መፍራት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ፍርሃቱ ግን የሌላ ሰው ይመስል ሩቅ ነበር።

«አልክድህም» አልኩ። «ያንተ ነው። ሚስቴ አልጋ ላይ ናት። ከእኔ በቀር ሰው የላትም። እሷን ልሸኝ። ከዚያ ሳትጠራኝ እመጣለሁ።»

ዝም...

ውሃውን እያየሁ ቆምኩ። ግማሹ ነጥቷል፣ ግማሹ ጥርት ብሏል።

ዝም...

ደወል ተደወለ። ተማሪዎቹ በር ላይ ይጋፉ ጀመር። ልከፍትላቸው ዞርኩ፣ መለስ ብዬ አየሁ።

ስትሮው ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ቡሹ ቱቦው አፍ ላይ ነው። ሲገባ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ሌሊት አንድም ቱቦ አልነጣም።

ባለቤቴ በብርዱ ወር ሞተች። ያወቅሁት ላገላብጣት ስነካት ነው። እጇ ቀዝቅዟል። ቢሆንም ወደ ቀኝ ጎኗ አገላበጥኳት። ሰዓቷ ነበር።

ቀበርናት። ሰው መጣ፣ «አይዞህ» አለ፣ ሄደ። ፍራሿን አጥፌ ግድግዳ አስደገፍኩት። እንባ አልመጣልኝም። በየሦስት ሰዓቱ እጄ ብድግ ይላል፣ መልሶ ይቀመጣል።

በአምስተኛው ቀን ወደ ሥራ ሄድኩ። ጠዋት አንድ ሰዓት።

ማንም አልጠራኝም። አንድ ቱቦ የኖራ ውሃ ሞላሁ። ስትሮ አስገባሁ።

«መጣሁ» አልኩ።

ነፋሁ።

ነጣ። ነፋሁ። ወተት ሆነ። ደረቴ ተቃጠለ... ነፋሁ... ዓይኔ ጨለመ... ነፋሁ...

ጥርት አለ።

ያኔም አላቆምኩም። ስትሮው ከአፌ ሲወድቅ የምነፋው ነገር አልቀረኝም።

ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መውደቄን ጠበቅሁ። አልወደቅሁም። ደረቴ ላይ እጄን አደረግሁ፣ ከፍም ዝቅም አይልም።

ከማጠቢያው በኩል አንድ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። ፉጨት የለውም። ሳል የለውም። የዳነ ሰው ትንፋሽ ነው።

«ተካከልን?» ልለው አፌን ከፈትኩ። ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም።

በሩ ተከፈተ። መምህርቷ እጇን እያሻሸች ገባች።

«አባባ፣ ዛሬውኑ መጡ? እግዜር ያጽናዎት። ብርዱስ ምን ዓይነት ነው?»

ቃሏ ሁሉ ከአፏ ነጭ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል።

ከማጠቢያው ጥግም፣ ማንም ከሌለበት፣ የረጅም ሰው አፍ በሚሆንበት ከፍታ ላይ፣ ነጭ እንፋሎት ይወጣል። ይጠፋል... ይወጣል...

ከእኔ አፍ ፊት ምንም የለም።