ወንበሩ ላይ የቀረው ባርኔጣ

ኬብል ካሩ ከታችኛው ጣቢያ ሲላቀቅ ወለሉ ተወዛወዘ። ውስጡ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንደኛው ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ነው። ሌላኛው ቦት ጫማው ጭቃ የጠጣ ቀያሽ ነው።

እስከ ጫፍ አሥራ አራት ደቂቃ አላቸው።

«ጉልበትዎ እንዴት ነው?» አለ ቀያሹ።

«አየር ሲለወጥ ከእኔ በፊት ያውቃል።»

ምልክቱ ይኸው ነበር። በሁለቱ መካከል መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ፔርሙዞች ቆመዋል። ሽማግሌው የቀያሹን አነሳ። ቀያሹ የሽማግሌውን ወሰደ። በአንዱ ሻይ አለ። በሌላው ፊልም።

«ሁሉም አለበት?»

«የተራራው ሆድ ውስጥ ያለው በሙሉ። መግቢያው፣ መውጫው፣ የመሣሪያው መጋዘን።»

ቀያሹ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ዋሻ ሲለካ ኖሯል። የቀያሹ የምስጢር ስም «ውሃ ልክ» ነው። ጎብኚው ከላይ ሆኖ ስለ ዕይታው ይደነቃል። ከእግሩ በታች ምን እንደሚቆፈር አያውቅም።

«ዛሬ መውጣት አለብኝ፣ ጋሼ። ነገ መዝገብ ቤቱን ይፈትሻሉ። ካገኙኝ ልጄን አላያትም።»

«በአሥር ሰዓቱ ውረድ። ታች ባለቤቴ ትቀበልሃለች። ከጎብኚዎቹ ጋር አውቶቡስ ትሳፈራለህ።»

«ባለቤትዎ ይታመናሉ?»

ሽማግሌው በመስኮቱ ገደሉን ተመለከተ።

«ዘጠኝ ቀን አብራኝ ናት።»

«እኔ የጠየቅሁት ሌላ ነው» አለ ቀያሹ።

የሽማግሌው የምስጢር ስም «ወንበር» ነበር። ስሙን ያወጣለት አለቃው «አጎት» ነው። ሽፋኑም እንደ ስሙ ነው፦ ጡረታ የወጣ ሰዓት ጠጋኝ፣ ጉልበቱ የተበላሸ፣ ሐኪም የተራራ አየር ያዘዘለት። ሌላው ጎብኚ ሲወጣና ሲወርድ እሱ ይቀመጣል። በሐይቁ ላይ በጀልባ ይዞራል። በሆቴሉ በረንዳ ላይ ባለው የሩቅ ማያ መነጽር ጫፎቹን ያያል። ከሰዓት በኋላ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ያንቀላፋል።

ጉልበቱ ጤነኛ ነበር።

ለሽፋን ሚስት የሆነችለት ሴት «መርፌ» ትባላለች። እንደ እሱ ሰላይ ናት። ከፍታ ትፈራለች። እሷ ላይ ውሸት ያልሆነው ይህ ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ኬብል ካር ተሳፍራ ዓይኗን ጨፍና ወጣች፣ ጨፍና ወረደች። ከዚያ ወዲህ አልደገመችውም። ከየትኛውም መደገፊያ ብረት ሁለት እርምጃ ርቃ ነው የምትቆመው።

ሕጋቸው አንድ ነበር። በእግር አይሄዱም። አንካሳና ሚስቱ ጫካ ውስጥ ምን ይሠራሉ? ማታ ማታ መርፌ ጫማውን ገልብጣ ሶሉን ታያለች።

«ጭቃ ካገኘሁ እኔው ራሴ እገድልሃለሁ» ትለው ነበር፣ እየሳቀች።

ፔርሙዙን ይዞ ወደ ሆቴሉ ሲመለስ አምስት ሰዓት ሆኗል። አንድ ጡረተኛ መምህር የተራራ ዱላውን ይዞ ደረጃው ላይ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ዛሬም ቁጭ? ተራራው ራሱ እርስዎን ሊጎበኝ አይመጣም እኮ።»

«መጥቶ ነበር። ተኝቼ ሲያገኘኝ ተመለሰ።»

መምህሩ እየሳቀ ወጣ። ሽማግሌው ክፍሉ ገባ። እጁን ሊታጠብ የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፈተ።

የመርፌ ጫማ መስኮቱ ላይ ነበር።

እርጥብ ነው። ሶሉ በብሩሽ ተፈግፍጓል። ዘጠኝ ቀን ዝናብ አልጣለም። ጭቃ ያለው ከሆቴሉ በላይ፣ ምንጩ በሚያቋርጠው የጫካ መንገድ ላይ ብቻ ነው። ሰው የሚገናኝበት ድብቅ ቦታ እዚያ ነው። ከፍታ የሚፈራ ሰው ደግሞ በኬብል ካር አይሄድም፤ በእግሯ ሄዳለች።

በረንዳው ላይ ወጥቶ መነጽሩን ወደ ታችኛው ጣቢያ አዞረ።

ሁለት ሰዎች። አዲስ የተራራ ጃኬት ለብሰዋል። ሻንጣ የላቸውም። መርፌ ወደ አንደኛው ጠጋ ብላ ሲጋራ አስለኮሰች።

ዘጠኝ ቀን ሲጋራ ስትነካ አላያትም።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ክፍሉ ገባች።

«ተቀበልክ?»

«ተቀበልኩ።»

«ስጠኝ፣ እኔ ልያዘው።»

«ማታ።»

«እሱስ?»

«እንደተባለው። በአሥር ሰዓት።»

«ጥሩ» አለች። ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለችለት። እጇ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። «ትንሽ ተኛ። ፊትህ ጠቁሯል።»

ልትጎዳው የፈለገች አትመስልም ነበር። ይህ ነው ያስፈራው።

ወርዳ አትክልት ቦታው ውስጥ ተቀመጠች። ከዚያ በረንዳው በደንብ ይታያል። ሽማግሌው የወንበሩን ጀርባ ወደ እሷ አዞረ። ትራስ አስቀመጠበት። ጋቢውን አለበሰው። ባርኔጣውን ከላይ ደፋበት። ከዘራውን የወንበሩ ክንድ ላይ አስደገፈ።

ከታች ለሚያይ ሽማግሌው ተኝቷል።

ፔርሙዙን በጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ በልብስ ማጠቢያው በር ወጣ። አጣቢዋ አንሶላ እያሰጣች ነበር።

«ውይ ጋሼ፣ ከዘራዎስ?»

«ቀድሞኝ ሄደ።»

ከዚያ ተራራውን ተያያዘው። ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ በእግሩ ወጣ።

ዘጠኝ ቀን በመስታወት ያየው አገር ቀርቦ ሲታይ ሌላ ነበር። ሣሩ ይቆርጣል። ድንጋዩ ይከዳል። ከመንገዱ አጋማሽ ላይ አንድ ድንጋይ ከእግሩ ሥር ሸሸ፤ ቀኝ ጉልበቱ ላይ ወደቀ። ተነሳ። ጉልበቱ ግን አብሮት በደንብ አልተነሳም።

አሥር ሰዓት ሊሆን አራት ደቂቃ ሲቀረው ጫፍ ደረሰ።

ቀያሹ አንድ እግሩን ኬብል ካሩ ውስጥ አስገብቷል።

ሽማግሌው ትከሻውን ያዘ። «ሻይህን ረስተሃል።»

ቀያሹ ዞረ። የሽማግሌውን ጫማ አየ፣ ጭቃ ነው። እጁን አየ፣ ከዘራ የለም። እግሩን ቀስ ብሎ መለሰ።

«ባለቤትዎስ?»

«ባለቤት የለኝም።»

በሩ ተዘጋ። ኬብል ካሩ ባዶውን ወረደ።

ባዶ መሆኑ ታች እስኪታወቅ አሥራ አራት ደቂቃ አላቸው።

አጎት ወደዚህ ሲልከው አንድ ነገር ብሎት ነበር። «ለሚስትህ ሁሉንም ንገራት። አንድ መንገድ ግን ለራስህ አስቀር። እሷም ታስቀራለች።» የሽማግሌው መንገድ ከሸንተረሩ ጀርባ ያለው የተተወ የድንጋይ ካባ ነበር። በየቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አንድ የወተት መኪና እዚያ ይቆማል። አምስት ደቂቃ ጠብቆ ይሄዳል።

ቀያሹ ፊት ፊት መራ። እያንዳንዱን ቋጥኝ ለክቶታል። በስተኋላቸው ፉጨት ተሰማ። ቀጥሎ ውሻ።

ከካባው በላይ ባለው ቁልቁለት ላይ የሽማግሌው ጉልበት ጮኸ። እንደ ደረቅ እንጨት።

ወደቀ።

«ፔርሙዙን ያዝና ሂድ» አለ።

«ዝም ይበሉ፣ ጋሼ።»

«ትእዛዝ ነው።»

«እኔ የእርስዎ ወታደር አይደለሁም» አለ ቀያሹ፤ ጎንበስ ብሎም አዘለው።

የወተት መኪናው ሞተሩ እየሠራ ነበር። መሪውን የያዘው አጎት ራሱ ነው። ሁለቱን ከጣሳዎቹ መካከል አስገብቶ ሸራውን ጣለባቸው።

«መርፌስ?» አለ፣ ሳይዞር።

«ወንበሩን እየጠበቀች ነው።»

አጎት ማርሹን አስገባ።

ቀያሹ በማግስቱ ድንበሩን ተሻገረ። ልጁ ከማዶ ቆማ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሽማግሌው በሌላ ከተማ፣ ወንዝ ዳር ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ጋዜጣ ያነብ ነበር። በመጨረሻው ገጽ ላይ አራት መስመር። ለእረፍት የመጣች አንዲት ሴት የተራራውን ዕይታ ለማድነቅ ከመመልከቻው መደገፊያ ብረት ላይ ስታዘነብል ወድቃ ሞታለች። ጎብኚዎች እንዲጠነቀቁ ተመክሯል።

ሁለቴ አነበበው።

ሁለት እርምጃ ርቃ ነበር የምትቆመው። ሁልጊዜ። እዚያ ብረት ድረስ በእግሯ አልሄደችም፤ ወስደዋት ነው። ምናልባት ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ጋዜጣውን አጠፈ። አጠገቡ የተቀመጠ መንገደኛ የሽማግሌውን የታሰረ እግር አየ።

«ምን ነካዎት፣ አባት?»

«ለእረፍት ሄጄ ተራራ ወጣሁ።»

«በዚህ ዕድሜ? ቁጭ ብሎ ማየት አይሻልም ነበር?»

«ይሻል ነበር» አለ ሽማግሌው።

ከዘራውን ተመርኩዞ ተነሳ። አሁን ያለ እሱ አይቆምም። በገበያተኛው መካከል እያነከሰ ሄደ። ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም።

በማግስቱ አግዳሚው ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ።