ፍቅርተና የጋሽ ደምሌ ዓሣዎች

ፍቅርተ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። የምትኖረው ንፋስ መውጫ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር ነው። ጎበዝ ተማሪ ናት፤ ከክፍሏ አንደኛ ትወጣለች። ግን አንድ መጥፎ ልማድ ነበራት። ያልገባትን ነገር «ገብቶኛል» ትል ነበር። ልጆች፣ ከመካከላችሁ እንዲህ የሚያደርግ አለ? እጅ አታውጡ፤ በልባችሁ ብቻ መልሱልኝ።

ጎረቤታቸው ጋሽ ደምሌ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። ሳሎናቸው ውስጥ ሁለት የመስታወት የዓሣ ገንዳዎች ነበሩ። በአንዱ ስድስት ትንንሽ ዓሣዎች ይኖራሉ፤ በሌላው አንድ ትልቅ ዓሣ ብቻውን ይኖራል። ትንንሾቹን ከአዲስ አበባ ሲያመጧቸው በውሃ የተሞላውን ላስቲክ ጭናቸው ላይ ታቅፈው ነው የተጓዙት። አገሩ ብርድ ስለሆነ የገንዳው ውሃ በኤሌክትሪክ ይሞቃል። ይህን ሁሉ የደከሙት ተማሪዎቻቸው ዓሣን በሥዕል ሳይሆን ሲዋኝ እንዲያዩት ብለው ነው።

አንድ ቀን መካነ ኢየሱስ ከተማ የሚኖሩት እናታቸው ታመሙ። ጋሽ ደምሌ ለሳምንት ያህል መሄድ ነበረባቸው። ስለዚህ ፍቅርተንና ጓደኛዋን ኢየሩሳሌምን ጠርተው ዓሣዎቹን አደራ ሰጧቸው። ኢየሩሳሌም አባቷ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ዝምተኛ ልጅ ናት፤ ስትናገርም ቀስ ብላ ነው።

«ሁሉም ታይገር ይባላሉ» አሉ ጋሽ ደምሌ። ታይገር በሩቅ አገር የሚኖር፣ ጥቁር መስመር ያለው አውሬ ነው። «ስማቸው ተመሳሰለ እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። በባሮና በኦሞ ወንዝ ያለው ታይገር የሚባል ዓሣ ረጃጅም ጥርስ አለው፤ እሱ ቤት ውስጥ የሚያዝ አይደለም። እነዚህ ትንንሾቹ አራት ጥቁር መስመር አላቸው፤ ክንፋቸው ቀላ ይላል፤ ብዙ ሆነው ካልኖሩ አይስማማቸውም። ትልቁን ግን መስመሩን ሳይሆን አፉን እዩት። ሲበላ ወደ ፊት ይዘረጋዋል፤ የሚችለውን ዓሣ ሁሉ ይውጣል። በምንም ምክንያት እንዳትቀላቅሏቸው።»

ፍቅርተ ግን «ሁሉም ታይገር ይባላሉ» ከሚለው በቀር አልሰማቻቸውም። በመስታወቱ ውስጥ የራሷን ፊት እያየች ስለ ቤቱ ቁልፍ ታስብ ነበር። «ገብቶሻል?» ሲሏት «ገብቶኛል» አለች። ቁልፉን ሰጧት።

ሦስት ቀን ሁሉም ደህና ሆነ። በአራተኛው ቀን የቧንቧ ውሃ ጠፋ። የሁለቱንም ገንዳ ውሃ በከፊል ለመቀየር ከሩቅ በጀሪካን ማመላለስ ግድ ሆነ። የፍቅርተ ክንድ ዛለ። ሁሉም መስመር ያላቸው ከሆኑ አንድ ላይ ቢሆኑስ ብላ አሰበች፤ ሥራው በግማሽ ይቀንሳል።

«ጋሽ ደምሌ አትቀላቅሉ ብለውናል» አለቻት ኢየሩሳሌም።

«ቁልፉ የተሰጠው ለእኔ ነው። ሁሉም ታይገር ናቸው። ገብቶኛል አልኩሽ።»

ስድስቱን ዓሣዎች በመረብ አንድ በአንድ እያወጣች ከትልቁ ጋር ጨመረቻቸው። ጥቂት ጊዜ በሰላም ዋኙ። ፍቅርተ ደስ ብሏት በሩን ቆለፈች።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት መልስ ብቻዋን መጥታ በሩን ስትከፍት ትልቁ ዓሣ ሆዱ ተነፍቶ ዝም ብሎ ቆሟል። ትንንሾቹ የሉም። ከድንጋዩ ጀርባ ጅራቱ የተቆረጠ አንድ ዓሣ አገኘች። እሱም መዳፏ ላይ ሞተ።

ጋሽ ደምሌ ቅዳሜ ተመለሱ። እናታቸው አልተሻላቸውም ነበር፤ ፊታቸው ገርጥቷል። ባዶውን ገንዳ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ሁለቱን ልጆች አስጠርተው ማን እንደቀላቀላቸው ጠየቁ።

«ኢየሩሳሌም ናት» አለች ፍቅርተ። «እኔ ውሃ ልቀዳ በሄድኩበት ነው።»

ኢየሩሳሌም ወደ ፍቅርተ አየች። «እኔ አይደለሁም» አለች አንድ ጊዜ ብቻ። ፍቅርተ አቀረቀረች። ጋሽ ደምሌ አንደኛ የምትወጣውን ልጅ አመኑ። ኢየሩሳሌምን አልተቆጧትም፤ ከእንግዲህ እዚህ ቤት እንዳትመጣ ብቻ ነገሯት።

ወሬው ግን ትምህርት ቤት ደረሰ። ልጆቹ ኢየሩሳሌምን ዓሣ ገዳይ እያሉ ይጠሯት ጀመር። እናቷም አደራ በሰጠን ሰው ፊት አዋረድሽኝ ብላ ቀጣቻት። ኢየሩሳሌም ከማንም ጋር መጫወት ተወች። ሰንበት ትምህርት ቤት ስትመጣ ከኋላ ብቻዋን ትቀመጣለች።

ፍቅርተም ወደ ኋላ ዞራ ልታያት አልደፈረችም። በየቀኑ «ነገ እናገራለሁ» ትላለች። ነገ ነገ ስትል ሦስት ሳምንት ሆነ።

አንድ ሰኞ ክፍል ውስጥ የኢየሩሳሌም ቦታ ባዶ ነበር። አባቷ ወደ ስማዳ ወረዳ፣ ወገዳ ከተማ ተዛውሮ ቤተሰቡ ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ማለዳ እንደሄደ መምህሯ ተናገሩ። ፍቅርተ በዕረፍት ሰዓት ወደ መናኸሪያው ሮጠች። መኪናው ከሄደ ቆይቷል።

በቀጥታ ጋሽ ደምሌ ቤት ሄዳ እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ስለ ዓሣዎቹ ይቅር ብዬሻለሁ» አሏት። «ያችን ልጅ ግን ሁለታችንም በድለናታል። እኔም እውነቱን ሳላጣራ ፈረድኩባት።»

ወደ ኢየሩሳሌም አባት ስልክ ደወሉ፤ አይሠራም። ሁለቱም ደብዳቤ ጽፈው ወደ ወገዳ ለሚሄድ ሾፌር ሰጡት። ፍቅርተ በክፍሏ ልጆች ፊት ቆማ ዋሽታ እንደነበር ተናገረች። ለንስሐ አባቷ ለአባ ተክለ ሃይማኖትም ተናዘዘች። እግዚአብሔር የሚጸጸትን እንደማይጥል ነገሯት፤ የኢየሩሳሌምን ይቅርታ ግን ከራሷ ከኢየሩሳሌም መለመን እንዳለባት አስረዷት።

ከዚያ ወዲህ አምስት ወር አልፏል። ፍቅርተ ሌላ ደብዳቤም ልካለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከወገዳ የሚመጣውን መኪና ትጠብቃለች፤ ሾፌሩ ገና ሲያያት መልስ የለም ለማለት ራሱን ይነቀንቃል። ኢየሩሳሌም ደብዳቤውን አንብባው ይሁን፣ ቀድዳው ይሁን፣ ወይም ጭራሽ አልደረሳት ይሁን፣ የሚያውቅ የለም። መልስ መጣ ብላችሁ ደስ ባላችሁ ነበር፤ ግን አልመጣም፤ እኔም አልዋሻችሁም።

ልጆቼ፣ ጥፋታችሁን በዚያው ቀን እመኑ፤ በሌላ ሰው ላይ የጫናችሁትን ውሸት ነገ ልታነሡለት ስትሄዱ ሰውየውን ላታገኙት ትችላላችሁ።