መሰላሉ በፎቶው ውስጥ አልነበረም

ይህን ስነግራችሁ ፈጠራ ነው የምትሉ በሉ... እኔ ግን እዚያው ነበርኩ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች። በምሠራበት ፎቶ ማተሚያ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነኝ።

የማትማቸው ፎቶዎች የአንድ ስመ ጥር አርክቴክት ቤት ናቸው። ሳሎኑ መሐል ዛፍ የበቀለበት፣ ግድግዳው ሐረግ የለበሰ፣ ጣሪያው ሙሉ በሙሉ መስታወት የሆነ ቤት። በማግስቱ ኤግዚቢሽን ላይ በትልልቁ ሊሰቀሉ ነው።

ያንን አትክልት የተከለችው ታላቅ እህቴ ናት። እታለም።

ከዚያ ጣሪያ ወድቃ ሞተች። አርክቴክቱ ለፖሊስ፣ "ማንም ሳያዛት ራሷ ተንጠላጥላ ነው የወጣችው" አለ። ጉዳዩ ተዘጋ።

እህቷ መሆኔን አያውቅም። እኔም ትንፍሽ አላልኩም። ፎቶዎቹን አበላሽቼ በእንግዶቹ ፊት ላዋርደው ነበር ሐሳቤ።

ግን ምንም ማድረግ አላስፈለገኝም...

የመጀመሪያው ፎቶ ከማሽኑ ወጣ።

ከዛፉ አጠገብ መሰላል ቆሟል።

ኮምፒውተሩን አየሁ። መሰላል የለም።

ወረቀቱን አየሁ... አለ።

ሁለተኛውን አተምኩ። ከሌላ አቅጣጫ የተነሳ ነው። መሰላሉ ግን አሁንም አለ፤ ጣሪያውን ተደግፏል። ጫፉ ላይ ቢጫ የላስቲክ ጓንት ተሰቅሏል።

የእታለም ጓንት ነው። አውራ ጣቱ ላይ የለጠፍኩላት ሰማያዊ ፕላስተር ሳይቀር ይታያል።

ክፍሉ እርጥብ አፈር ሸተተኝ።

በሩ ተከፈተ። አርክቴክቱ ነው።

"ደረሰልኝ?" እያለ ገባ። ፎቶዎቹን ሲያይ ባለበት ደረቀ።

"መሰላሉን... ማነው ያስገባው?"

"እኔ እርስዎ የላኩልኝን ነው ያተምኩት፣ ጋሼ።"

"አይሆንም።" ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። "ፖሊስ ሳይመጣ እኔው ነኝ ያነሳሁት... በገዛ እጄ።"

"ያቆመውስ ማነው?"

ፎቶውን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

"መስታወቱ አይችለኝም ብላዎት ነበር አይደል?"

"ትንሽ ጥረጊው ብቻ ነው ያልኳት..." ዞሮ አየኝ። "አንቺ በምን አወቅሽ?"

"እህቴ ናት። እየፈራች ደውላልኝ ነበር።"

ከኋላችን ማሽኑ መሥራት ጀመረ። ማናችንም አልነካነውም።

ወረቀቱ ቀስ... ቀስ... እያለ ወጣ።

መሰላሉ ላይ አንድ ሰው እየወጣ ነው። ጀርባው ብቻ ይታያል። ግራጫ ኮት፣ ማጅራቱ ላይ ሽበት።

አርክቴክቱ የለበሰው ግራጫ ኮት ነው።

ከታች ደግሞ ጓንት ያጠለቁ ሁለት እጆች መሰላሉን ጥብቅ አድርገው ይዘውለታል። ከእጆቹ በላይ ቅጠል እንጂ ሌላ ነገር አይታይም።

"ይቅር በይኝ" አለ። ለእኔ ይሁን ለእሷ አላውቅም።

"እሷን ይጠይቋት" አልኩት።

እየተደናበረ ወጣ። የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማሁ። ሞተሩ ግን አልተነሳም።

ጠበቅሁ... ጠበቅሁና ወጣሁ።

መኪናው ደጃችን ላይ እንደቆመ ነው። በሮቹ ከውስጥ ተቆልፈዋል። መስኮቶቹን እንፋሎት ሸፍኗቸዋል።

ግንባሬን መስታወቱ ላይ አስደግፌ አጮለቅሁ።

ሰው የለም...

ከወንበሩ እስከ ጣሪያው እታለም የተከለችው የሐረግ ቅጠል ነው። አረንጓዴ፣ እርጥብ፣ መስታወቱን ወደ ውጭ እየገፋ።