የእማማ መብሩካ ቀሚስ

እማማ መብሩካ አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተዘርግተዋል። አፋቸው ክፍት ነው፤ ዓይናቸውም እንደ ፈጠጠ ቀርቷል። ከራስጌያቸው ባለው ሳጥን ላይ ደግሞ የሰርግ ቀሚሳቸው ጥልፉ ወደ ውስጥ ሆኖ፣ በየእጥፉ መሀል ስስ ነጭ ጨርቅ ገብቶበት፣ በጥብጣብ መስቀለኛ ታስሮ ተቀምጧል። ኢንስፔክተር ዳሌንዳ መጀመሪያ ሬሳውን አየች፣ ቀጥሎ ቀሚሱን፣ ከዚያ መልሳ ሬሳውን። ሃያ ሁለት ዓመት በምርመራ ሥራ ላይ ስትቆይ ደም አይታለች፣ የተቆረጠ ሰው አይታለች፤ እንዲህ የቀፈፋት ነገር ግን አልነበረም። ምኑ እንደሆነ ለጊዜው ለራሷም አልገባትም።

ከግቢው ጩኸት ይሰማል። ለሟች የሚለቀስ የመሰለው ሰው ጆሮውን ቢያቆም የሚሰማው ስለ ቀሚስ ነው።

«እናቴ የተዳረችበት ነው፤ እኔ ጋ ነው የሚሆነው!»

«ሳጥኑ የማን ነው? ቤቱስ የማን ነው? ከዚህ ደጃፍ አይወጣም አልኩ!»

«ሬሳ ገና አልታጠበም እኮ» አለች ዳሌንዳ ለራሷ።

ሳጅን ሎጥፊ በሩ ላይ ቆሟል። «ልባቸው ቀጥ ብሎ ነው ብለን ነበር፤ ሐኪሙ ግን ዓይናቸው ውስጥ የደም ነጠብጣብ አይቶ ታፍነው ነው አለ። ገዳይዋ ታውቃለች፣ ኢንስፔክተር። የልጅ ልጃቸው ሙሽራ ናት፤ ሬሳውን አገኘሁ ያለችው እሷው ናት። ማድ ቤት ቆልፈውባታል።»

«ማን ነው እሷ ናት ያለው?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም ካወቀ እኛ ምን ልናደርግ መጣን?»

ጎንበስ አለች። በአሮጊቷ ሰው ሠራሽ ጥርሶች መሀል የጥፍር ርዝመት ያላት ወርቃማ ክር ተሰክታለች። በመቆንጠጫ አወጣቻትና ለሎጥፊ አሳየችው።

«በምን እንደታፈኑ አየህ? በገዛ የሰርግ ቀሚሳቸው ነው።»

ሎጥፊ ፊቱን አዞረ። ዳሌንዳ ግን ገና አልጨረሰችም። ከአልጋው ሥር አንዲት የስኒ ማስቀመጫ ተገኘች፤ ላይዋ ላይ የተቃጠለ ክብሪትና ምስር የምታክል ጥቁር ጠጣር ነገር አለ። አሸተተችው። ፕላስቲክ ሲነድ የሚሸተው ያ የሚያቅለሸልሽ ሽታ ነው።

«እማማ ሲጋራ ያጨሱ ነበር?»

«ኧረ ጭስ ሲሸታቸው በሳል ሊሞቱ ነበር የሚደርሱት» አለ ሎጥፊ፤ የማህዲያ ከተማ ልጅ ስለሆነ የሁሉንም ገበና ያውቃል።

ቀሚሱን ማህዲያ ውስጥ የማያውቀው የለም። በሐር ላይ ወርቅ በተቀባ የብር ክር የተጠለፈ፣ የጠቦት ያህል የሚከብድ ነው። መብሩካ ከስድሳ ዓመት በላይ በፊት ተዳሩበት፤ ቀጥሎ የልጃቸው ሚስት ወሲላ፣ ባለፈው ሳምንት ደግሞ የልጅ ልጃቸው የሂሽም ሚስት ኤምና። ዛሬ ሰባተኛው ቀን ነው። ሰባቱ ሲሞላ ቀሚሱ ምን እንደሚሆን ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ይቆርጣል። ሲቆርጥም እስከ ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል።

በመጀመሪያ የገቡት ወይዘሮ ወሲላ ነበሩ፤ የሟች ምራት፣ የሙሽራው እናት፣ ከባላቸው ሞት ወዲህ የቤቱ አዛዥ። ፀጉራቸው ገና እርጥብ ነው።

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«የሕዝብ መታጠቢያ ቤት። እስከ ቀትር። አምስት ጎረቤት ጀርባዬን አሽቶኛል፤ ሂጂና ጠይቂ።»

«ኤምናን የጠረጠሯት በምን ነው?»

«እንዴት አልጠረጥራት! ሙሽራ በሰባት ቀኗ ‹ቀሚሱ ይሸጥና ለብቻችን ቤት እንከራይ› ትላለች? አማቴ እምቢ ሲሏት አፈነቻቸው። አለቀ።»

ቀጥለው ወይዘሮ ሳሉሃ ገቡ። የሟች ልጅ ናቸው፤ አጠገብ ባለው ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ሎጥፊ ቀሚሱን ከሳጥኑ ላይ ሲያነሳ አይተው «ቀስ! በሁለት እጅ ያዘው» አሉት። እናታቸው አጠገቡ ተጋድመዋል፤ ወደዚያ አላዩም።

«ቀሚሱን ለሰርጉ ያደሰው ማን ነው?»

«ከእኔ ሌላ ማን ሊነካው? ሁለት ወር ቤቴ ወስጄ ዓይኔን አፍስሼበታለሁ። በዚህ ከተማ መርፌ የጨበጠች ሴት ሁሉ የኔ ተማሪ ናት። መጥለፍ ብቻ አይደለም፤ ማጠፍም ያስተማርኩ እኔ ነኝ።»

«እናትዎ ቀሚሱ ምን ይሁን አሉ?»

«ይቀመጥ ነዋ! ሌላ ምን ይላሉ?»

«ጠዋትስ?»

«ቤቴ። ስጠልፍ።»

ሙሽራው ሂሽም ወደብ ላይ የጀልባ ሞተር የሚጠግን፣ ትከሻው በር የሚሞላ ጎረምሳ ነው። እስከ ቀትር ሥራ ላይ እንደነበር አለቃው መስክሮለታል። ዳሌንዳ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው።

«ሚስትህ አያትህን የምትገድል ይመስልሃል?»

ልጁ በሩ ላይ የቆሙትን እናቱን አየ። «እኔ ምን አውቃለሁ» አለ።

ይኼኔ ዳሌንዳ በጥፊ ብታጮለው ደስ ባላት ነበር። መንግሥት ግን ለዚህ ደሞዝ አይከፍላትም። ወደ ማድ ቤቱ ሄዳ ቁልፉን አስከፈተች።

ኤምና ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። የስፋክስ ከተማ ልጅ ናት፤ በዚህ ከተማ ከባሏ ሌላ ዘመድ የላትም። አንገትጌዋ ሥር ቀሚሱ በክብደቱ ያበለዘው ቦታ ሰባት ቀን ሙሉ አልጠፋም።

«ይሸጥ ያልኩት እውነት ነው» አለች። «እማማ ግን ትናንት ጠሩኝና ‹አይሸጥም› አሉኝ። ‹በአሥራ አምስት ዓመቴ እያለቀስኩ ነው የለበስኩት። ከእንግዲህ ማንም አይገዛውም፣ ማንም አይለብሰውም። ቅዳሜ አንጥረኛ ጠርቼ አቃጥለዋለሁ፤ ብሩ ላንቺ አምባር ይሆናል፤ አምባሩን ሽጪና ባልሽን ይዘሽ ውጪ› አሉኝ። ማንም አያምነኝም።»

«ይህን ሲሉሽ ማን ነበር?»

«ማንም። የሂሽም አክስት ሳሉሃ ሻይ ይዘው ሲገቡ ዝም አሉ።»

«ዛሬ ስትገቢ ቀሚሱ እንዴት ነበር?»

«ታጥፎ። ሾርባ ይዤ ገባሁ፣ ዓይናቸውን ሳይ ሳህኑ ከእጄ ወደቀ። ቀሚሱን እኔ አልነካሁም። አስተጣጠፉንም አላውቀው። የሰርጉ ዕለት ወንበር ላይ ጣል ባደርገው ግማሽ ሰዓት ሰደቡኝ።» ቀና ብላ አየቻት። «ዛሬ ይወስዱኛል?»

«ዛሬ አንድ ሰው ይሄዳል» አለች ዳሌንዳ።

የዳሌንዳ አባት ሐር ሸማኔ ነበሩ። ያረጀ የጥልፍ ልብስ በአንጥረኛ ምድጃ ሲቃጠል በልጅነቷ ቆማ አይታለች፤ ሐሩ ነዶ ያልቃል፣ ብሩ ይቀራል። የክብሪቱ ነገር አሁን ገባት። ሎጥፊን ጠርታ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችውና ወደ ሳሉሃ ቤት ላከችው።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ቀሚሱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው።

«ፎቶው ተነስቷል፣ ናሙናውም ተወስዷል» አለች። «አሁን ወደ ጣቢያ ይሄዳል። እንዳይጎዳ በወጉ ይታጠፍልኝ። ሦስታችሁም በየተራ ሞክሩ፤ የተሻለውን እወስዳለሁ።»

ኤምና ቀረበችና እንደ ሸሚዝ እጅጌውን ወደ ኋላ አጠፈችው። ወይዘሮ ወሲላ «እፍ» ብለው ገፍተዋት ገቡ፤ ጥልፉን ወደ ውስጥ አድርገው በአራት አጠፉት፤ በእጥፎቹ መሀል ግን ጨርቅ አላስገቡም። ተራው የወይዘሮ ሳሉሃ ሆነ። ቆመው ቀሚሱን ትንሽ አዩት። ከዚያ ጥልፉን ወደ ውጭ ገልብጠው፣ አንዱን ጎን አስረዝመው ሌላውን አሳጥረው፣ እንደ እህል ጆንያ ጠቀለሉት።

ወይዘሮ ወሲላ እንኳ አፋቸውን ከፈቱ።

«ወይዘሮ ሳሉሃ፣» አለች ዳሌንዳ ቀስ ብላ፣ «በዚህ ከተማ ማጠፍ ያስተማሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እናቴ ሞታብኝ እጄ ይታዘዘኛል?»

«ጠዋት ግን ታዝዟል። አልጋው አጠገብ ያገኘሁት ቀሚስ በየእጥፉ ጨርቅ ነበረው፣ በጥብጣብ ታስሯል። ኤምና አትችልበትም። ወይዘሮ ወሲላ እንዴት እንደሚያጥፉ አሁን አየን፤ ጠዋትም መታጠቢያ ቤት ነበሩ። እንዲያ የሚያጥፍ እጅ በዚህ ግቢ አንድ ነው። ያ እጅ ደግሞ አሁን ሆን ብሎ አበላሸ። አመል ያወጣል ከመሐል ይባላል፤ እርስዎን ያወጣዎት አመልዎን መደበቅዎ ነው።»

«በልብስ አስተጣጠፍ ሰው ይታሰራል?» አሉ ሳሉሃ፤ ሳቅ ቢጤ ሞከራቸው።

«አይታሰርም። ክብሪት አለኝ።»

ከቀሚሱ ደረት ላይ አንዲት ክር መዝዛ በሳህን ላይ አቃጠለቻት። ክሯ ተጨማደደች፣ ቀለጠች፣ ጥቁር ጠብታ ሆና ቀረች። ሽታው ግቢውን ሞላው፤ ሂሽም አፍንጫውን ያዘ።

«ይህ የሱቅ ክር ነው፣ ፕላስቲክ። እናትዎም ዛሬ ጠዋት ያገኙት ይህንኑ ነው። ቀሚሱን ለአንጥረኛ ከመስጠታቸው በፊት አንዲት ክር ሞከሩ። ማስቀመጫዋ ከአልጋው ሥር ነበረች።»

ሎጥፊ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አቀበላት። ግማሹ የተጠለፈ የሌላ ሙሽራ የደረት ጥልፍ ነበር። ዳሌንዳ አንድ ክር ፈታ ለሁሉም አሳየች፤ አንዴ ተጠልፎ የተተረተረ ክር ስለሆነ መታጠፊያ መታጠፊያው ገና አልተቃናም። አቃጠለችው። ሐሩ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ሸተተ፤ ሳህኑ ላይ ነጣ ያለ ብር ቀረ።

«ይህ ደግሞ ከእርስዎ መጥለፊያ ላይ የመጣ ነው። ‹አድሰዋለሁ› ብለው ወስደው የደረቱን ብር ተረተሩ፣ ለሀብታም ደንበኛዎ ጠለፉበት። ቀሚሱ ሳጥን ቢገባ ማንም አያውቅም ነበር። ይቃጠላል ሲባል ግን ምድጃው ሊያጋልጥዎ ነው። ትናንት ሻይ ይዘው ሲገቡ ሰምተዋል። ዛሬ ጠዋት ሊያግባቧቸው ቢገቡ፣ ክብሪቱ ቀድሞ ነግሯቸዋል።»

ሳሉሃ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጥ ያለው ንዴት እንጂ ሐዘን አልነበረም።

«ለሳጥን ብር ምን ይሠራለታል? ስድሳ ዓመት ሙሉ ተኝቷል! በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን የሚለበስ ጨርቅ! እኔ ሥራ ላይ አዋልኩት። እሷ ግን ‹ለከተማው ሁሉ እናገራለሁ፤ ሌባ ይሉሻል፣ ከእንግዲህ ማንም ጨርቁን አይሰጥሽም› አለችኝ። ለገዛ ልጇ! ቀሚሱ ጭኗ ላይ ነበር። አነሳሁት...»

ዳሌንዳ አንቱታውን ተወችው። «ከዚያ አጠፍሽው።»

«መሬት ላይ ጥዬው ልሂድ?» አለች ሳሉሃ፤ የምር የገረማት ትመስላለች። «ጥልፍ እኮ ነው።»

ሬሳውን ካየች ጀምሮ ዳሌንዳን የቀፈፋት ነገር አሁን ስም አገኘ።

«የእናትሽን ዓይን አልከደንሽም» አለቻት። «ወልዳ ያሳደገችሽን ሴት እንዳፈጠጠች ትተሻት፣ አጠገቧ ቆመሽ በየእጥፉ ጨርቅ ታስገቢ ነበር። ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይቻለሁ፤ አንቺን ማየት ግን አስጠላኝ። ውሰዳት፣ ሎጥፊ።»

ሳሉሃ ስትወሰድ ማንም አላለቀሰም። ወይዘሮ ወሲላ ወደ ጠረጴዛው ተጠጉና የቀሚሱን እጅጌ በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

«እጅጌው ግን ደህናው ነው አይደል፣ ኢንስፔክተር? መቼ ነው የምትመልሱልን?»

ዳሌንዳ ወደ ግቢው ቧንቧ ሄዳ እጇን በሳሙና ታጠበች። ታጥባ ስታበቃ ደግማ ታጠበች።

ኤምና ወደ እማማ መብሩካ ክፍል ገብታ ነበር። ዓይናቸውን ልትከድን ብትሞክር የዓይን ቆባቸው ደርቆ እምቢ አላት። ሻሿን ከራሷ ፈታ ፊታቸውን አለበሰቻቸውና ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ሂሽም በሩ ላይ ቆመባት።

«ኤምና፣ እኔ እኮ...»

«ሙሉ ቀን ጠበቅኩህ» አለችው። «አንዲት ቃል። ‹ሚስቴ አታደርገውም›፣ ይቺን ብቻ። አሁን ዞር በልልኝ።»

ዞር አለላት። እሱ መቼ ለማን ቆሞ ያውቃል?

መንገድ ላይ የፖሊስ መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ከኋላ ወንበር ላይ ሳሉሃ ከአንድ ፖሊስ ጋር ተቀምጣለች፤ የተጠቀለለው ቀሚስ ከፊት ወንበር ላይ ነው። ሳሉሃ አንገቷን አስግጋ በመቀመጫዎቹ መሀል እሱን ታያለች። ጥቅሉ ወደ አንድ ወገን ተዛብቷል።

«ግቢ፣ ልጄ» አለች ዳሌንዳ። «አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ እናድርስሽ። ቀሚሱን አንስተን ቦታ እናደርግልሻለን።»

ኤምና በመስኮቱ አየችው። እጇ ሳታስበው ወደ አንገትጌዋ ሥር፣ ወደ ሰንበሩ ሄደ።

«ከእሱ ጋር አንድ መኪና ውስጥ አልገባም» አለች።

ዳሌንዳ ሎጥፊን «ሂድ» አለችው። የሻንጣውን አንድ ጎን ያዘችላትና ሁለቱ በባሕሩ ዳር መንገድ በእግራቸው ሄዱ።