ባዶ ያልነበረው ቅርጽ

ሟቹ በሁለት ጠረጴዛዎች መካከል ተንጋሎ ነበር፤ ዙሪያውን የወረቀት ጀልባዎች ተበትነዋል። በሕይወት ሳለ ለድኅረ ምረቃ የንግድ ሥራ ተማሪዎች የኦፕሬሽንና የፕሮጀክት አመራር ያስተምር ነበር፤ አልፎ አልፎ ብቅ ብሎ «ብክነት!» እያሉ መጮኽ ማስተማር ከተባለ። ተማሪዎቹ በሌለበት «አባ ብክነት» ይሉታል። ያን ዕለት ጠዋት ተማሪዎቹን፣ ክራቫት ያሰሩ ሥራ አስኪያጆችን፣ በተርታ አስቀምጦ፣ እንደ መዋዕለ ሕፃናት ልጆች ጀልባ ያሳጥፋቸው ነበር። ይህ በእነርሱ ቋንቋ «የምርት መስመር ልምምድ» ነው። በመካከሉ ብስኩት ቀመሰ፣ ጉሮሮው አበጠ፣ ወደቀ፤ አልተነሣም።

መርማሪዋ ጠና ያለች፣ አጭር፣ ለማንም ፈገግታ የማታባክን ሴት ነበረች። ስትደርስ ማንም ከክፍሉ እንዳይወጣ አዘዘች፤ ከዚያ ግድግዳውን አየች። መቀሱ በመቀስ ቅርጽ ላይ፣ ማስመሪያው በማስመሪያ ቅርጽ ላይ ተሰቅሏል። የካይዘን ሥርዓት ነው፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቅርጹ በቀለም ይሰመርለታል፣ ዕቃው ሲጠፋ ባዶው ቅርጽ ያሳብቃል። በመጨረሻም የብስኩት ሳህኖቹን አንድ በአንድ አሸተተች። በሟቹ ሳህን ላይ ብቻ ቡናማ ዱቄት ቀርቷል።

የትምህርት ቤቱ ዲን እጁን እያፋተገ ቀረባት።

«ነገሩ ግልጽ ነው፤ ቸልተኝነት ነው። ሲስተሯ ጥፋቷን አምና ትፈርምና እንገላገል። የተቋማችን ስም…»

«ሬሳው ሳይነሣ ስም አነሡ እኮ፣ ጌታዬ! ጥፋቷ ምንድን ነው?»

ዲኑ አስረዳ። ሟቹን ኦቾሎኒ ይገድለዋል፤ ስለዚህ የማርከር ውፍረት ያለው የነፍስ አድን መርፌ ከመሳቢያው አይለይም ነበር። ሲወድቅ ግን መርፌው አልተገኘም። ጠዋት ሲስተሯ፣ ነርስ የሆነችው ተማሪ፣ ክፍሉን አጽድታ፣ የማያገለግለውን ዕቃ ሁሉ ቀይ ካርድ እየለጠፈች በረንዳው ላይ ካለው ሣጥን ጥላለች። መርፌውን ፖሊሶች ያገኙት ከዚያ ሣጥን ነው።

«ሥራ ላይ አልዋለማ!» አለች መርማሪዋ። «በናንተ ትምህርት ዝናብ እስኪመጣ ጃንጥላም ብክነት ነው።»

ሲስተሯ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። ያልተፈረመው ወረቀት ጉልበቷ ላይ ነው።

«አንቺ ነሽ የጣልሽው?»

«እኔ ነርስ ነኝ እኮ፣ እትዬ! ነፍስ አድን መርፌ ቆሻሻ ነው ብዬ ልጣል? የመምህር መሳቢያ ደግሞ ማን ይደፍራል? አልከፈትኩትም።»

«ሲወድቅ የት ነበርሽ?»

«አጠገቡ። አምቡላንሱ እስኪመጣ ደረቱን ስጫን ነበር። ‹ተኪኝ› ብል አንድ ሰው አልቀረበም፤ ጀልባቸውን ይዘው ያዩኛል።»

«ካልፈረምሽስ?»

«እከሰሳለሁ አሉ። ከፈረምኩ ደግሞ የነርስነት ፈቃዴ ይሰረዛል። ዲኑ ገና ከአሁኑ ሆስፒታል ደውለው ከማታው ተራ አስወጥተውኛል። ልጆቼን የማበላው በዚህ እጅ ነው።»

መርማሪዋ ቀጥሎ የጠራችው ሆዱ ከኮቱ የቀደመ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነበር።

«ብስኩቱ የኔ ነው፤ የሹመቴ ግብዣ» አለ ሳይጠየቅ። «ኦቾሎኒ ግን የለበትም! ካርቶኑን እዩት!»

«ለመምህሩ ማን አቀረበ?»

«ረዳታቸው። እሱ ካላቀረበላቸው ውሃም አይጠጡም።»

«መምህሩ ዛሬ መሳቢያውን ከፍተው ነበር?»

«ገና ሲገቡ። ፊታችን ከፍተው ማርከር አወጡና እኔን ሰደቡኝ። ‹አንተ በሁለት እግሩ የቆመ ወረፋ!› አሉኝ።»

«አንድ ዕቃ ከቦታው ቢጠፋስ ምን ያደርጋሉ?»

«ማስመሪያ ጠፋ ብለው ክፍሉን ያተራመሱ ሰው ናቸው! ዛሬ ግን መሳቢያውን አይተው ትንፍሽ አላሉም።»

«ሲወድቁ አንተ ምን አደረግህ?»

«አምቡላንስ ልጠራ ሮጥኩ።»

«ጠራህ?»

«ለሚስቴ ደወልኩ፤ እሷ ጠራች።»

«ይሄም በትምህርታችሁ ሥልጣን ማካፈል ይባላል?» አለችና አሰናበተችው።

ረዳት መምህሩ ቀጭን፣ ልብሱ ገና አሁን ከካውያ የወጣ የሚመስል ሰው ነው። እያዘነም ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ማርከሮች በቁመታቸው ይደረድራል።

«አባቴን ነው ያጣሁት» አለ።

«ነፍስ ይማር። መርፌውን የፈለገ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ሮጬ መሳቢያውን ስከፍት ቦታው ባዶ! የመርፌው ቅርጽ ብቻ አፍጥጦ አየኝ።»

«ሌላ ሰውስ መሳቢያውን ነክቷል?»

«ማንም። እርስዎ እስኪመጡ ፊቱ ቆሜ ጠበቅሁት።»

«ቢገኝስ አወጋጉን ያውቁበታል?»

«እንዴታ! እሳቸው ራሳቸው አሠልጥነውኛል፤ ልክ እሱን የሚመስል፣ መርፌ የሌለው መለማመጃ ሰጥተውኝ።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

መርማሪዋ ሁሉንም በሟቹ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበችና መሳቢያውን ሳበች። ከማርከሮቹ አጠገብ የመርፌው ቅርጽ ባዶውን ይታያል።

«ሟቹ ጠዋት ይህን መሳቢያ በሁላችሁ ፊት ከፍቷል» አለች። «ማስመሪያ ቢጠፋ የሚያብድ ሰው፣ ሕይወቱን የሚያድነው መርፌ ጠፍቶ ዝም ይላል?»

«አይልም» አለ የባንኩ ሰው።

«ስለዚህ ያኔ ይህ ቅርጽ ባዶ አልነበረም። ሲስተር መርፌውን ጥላው ቢሆን ኖሮ ባዶ ይሆን ነበር፤ ሟቹም ይጮኽ ነበር። መርፌው ራሱ በቦታው ከነበረም ሲወድቅ እዚሁ በተገኘ። ሣጥኑ ያለው በረንዳ ላይ ነው፤ ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ፣ ሁላችሁም እንዳያችሁት፣ ከባንኩ ሰው በቀር የወጣ የለም፤ እሱም ወደ መሳቢያው አልቀረበም። እንግዲህ ጠዋት፣ ከጽዳቱ በኋላ፣ አንድ ሰው መርፌውን ወስዶ ሣጥን ውስጥ ጨመረ፤ በቦታውም መንትያውን አስተኛ። ሟቹ ሲወድቅ ደግሞ መንትያውን አነሣና ‹ባዶ ነው› ብሎ ጮኸ። መለማመጃው እዚሁ ቢገኝ ባለቤቱን ይጠቁማላ! ሲስተር እጇ ሟቹ ደረት ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ መሳቢያውን የከፈተ አንድ ሰው ነው፤ በገዛ አፉ ነግሮኛል። ለሟቹ ብቻ በቀረበው ሳህን ላይም ኦቾሎኒ ፈጭቶ የነሰነሰው እሱ ነው።»

ዓይን ሁሉ ወደ ረዳቱ ዞረ።

«መለማመጃው ቤት ነው ያለው!» አለ።

«ከክፍሉ አልወጣህም። ኮቱን ፈትሹት።»

አንዱ ፖሊስ ከውስጥ ኪሱ መለማመጃውን አወጣ። ረዳቱ ማርከሮቹን በክንዱ ጠርጎ ወለሉ ላይ በተናቸው።

«ስንት ዓመት! ያስተማርኩት እኔ፣ ፈተና ያረምኩት እኔ፣ መጽሐፉን የጻፍኩት እኔ! ሽፋኑ ላይ የማን ስም አለ? የእሱ!»

«አንድ ሰው ዘረፈህ፤ ምንም ያልበደለችህን ሴት ልታሳስር ነበር» አለች መርማሪዋ። «እሱ ሌባ ነበር። አንተ ግን ከሱም አነስክ። ውሰዱት።»

ዲኑ ላቡን ጠረገና፣ በሩ እንደተዘጋ ድምፁን አለሳለሰ።

«ግሩም ትንተና ነው! ለተማሪዎቻችን አንድ ንግግር ቢያደርጉልን…»

«መጀመሪያ ሰው ሲወድቅ ደረት መጫን ይማሩ» አለችውና ቦርሳዋን አነሣች።

ሲስተሯ ወረቀቱን ለዲኑ መለሰችለት። እሱ ይቅርታ ይሁን ማስተባበያ ያልለየ ነገር ሲያንጎራጉር፣ እሷ ጀርባዋን ሰጥታው ስልኳን አወጣች።

«ሃሎ፣ የኔ እህት፣ እኔ ነኝ። ስሜን ከማታው ተራ አውጥታችኋል አሉ። መልሱት፤ እየመጣሁ ነው።»