ጀፎረው ሣር እስኪለብስ

ወልቂጤ ውስጥ ጎማ ሊገዛ የመጣ ሰው ብዙ አይቆይም። ዋጋ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ያስገጥማል፣ ይሄዳል። አምሀ ግን ጎማ እመርጣለሁ እያለ ሲመላለስ ሰኔ አለቀበት።

ጎሚስታው የእትዬ ዘነበች ነው። እሳቸው ገበያ ለገበያ ሲዞሩ ሱቁን የምትይዘው የወንድማቸው ልጅ ረድኤት ናት። አምሀ ደግሞ ክትባት ጭኖ በየገጠሩ የሚዞር የከብት ሐኪም ነው፤ የቡታጅራ መምህራን ልጅ፣ ጥርት ያለ ከተሜ። መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ባለ አራት ጎማ ሞተር ጉልበቱ ደህና ነበር፤ ጎማው ግን አልቆ መላጣ መስሏል።

መጀመሪያ የመጣ ቀን ዓይኑ በቀጥታ የሄደው የሚያብረቀርቀው ቸርኬ ላይ ነው። ረድኤት ሳቋን ይዛ «ላሞቹ ቸርኬህን አያዩልህም» አለችው። በሌላ ቀን የጎማው ስፋት ከጭቃ መከላከያው ይወጣ እንደሆነ ሊጠይቅ መጣ። ከዚያ ደግሞ ልኩን የጻፍኩበትን ወረቀት ረሳሁት ብሎ ተመለሰ። ወረቀቱ ከሸሚዝ ኪሱ ብቅ ብሎ እንደነበር ረድኤት አይታለች፤ አልተናገረችም።

በመጨረሻ ምርጫው ሁለት ላይ ቆመ። አንደኛው ጥርሱ አጭርና የተጠጋጋ፣ ለደረቅ መንገድ የሚመች፣ መሬቱን ሳይጎዳ የሚሄድ ጎማ ነው። ሌላኛው ጥርሱ ረጅም፣ ጭቃ ቧጥጦ ዳገት የሚወጣ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። አምሀ ባለፈው ሳምንት ከእምድብር ወዲያ ካለው ቁልቁለት ተንሸራቶ ሊገለበጥ ለጥቂት ነበር የተረፈው፤ ክንዱ ላይ አሁንም ፋሻ አለ። ረድኤት ወሬውን የሰማች ቀን ምሳ አልበላላት ብሏል።

«ረድኤት» አላት፣ ዓይኑን ከጎማዎቹ ሳያነሳ፤ «የሚነዳው አንቺ የምትሳሺለት ሰው ቢሆን፣ የትኛውን ትገጥሚለት ነበር?»

እጇን ዘርግታ መዳፏን ጥርሰ ረጅሙ ጎማ ላይ አሳረፈችው። እሱም ጎማውን ትቶ መዳፏን አየ። እጇን ስታነሳ መዳፏ በጎማ ብናኝ ጠቁሮ ነበር።

«እሱን ግጠሚልኝ» አለ ቀስ ብሎ።

ከዚያ በኋላ ክረምቱን ሙሉ አየር ሊያስሞላ መጣ። አዲስ ጎማ በየገበያው ቀን አየር እንደማያጎድል እትዬ ዘነበችም ያውቃሉ፤ እያወቁ ዝም አሉ። እሱ ስለ ቡታጅራ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ያወራላታል። እሷ ከእምድብር ወዲያ ባለችው መንደራቸው ስለሚኖሩት አባቷ ስለ አቶ ገሠሠ ትነግረዋለች። ወሬ እንደማያበዙ፣ ሲስቁ እንኳ ድምፅ እንደሌላቸው። የጀፎረውን ነገር ግን አንድም ቀን አላነሳችም። ጀፎረ ላይ ያደገ ሰው ስለ ጀፎረ ማስረዳት ያስፈልጋል ብሎ መቼ ያስባል?

ጀፎረ ከየቤቱ ደጅ ፊት ለፊት በመንደሩ መሃል የተዘረጋ ሰፊ የሣር መንገድ ነው። ልጅ የሚቦርቅበት፣ ሙሽራ የሚገባበት፣ ለቅሶ የሚቀመጡበት፣ የመስቀል ደመራ የሚለኮስበት። ማንም አያርሰውም፤ ማንም አጥሩን ስንዝር ገፍቶ አይገባበትም። ረድኤት ያን ጎማ ስትመርጥ የታያት የአምሀ አንገት እንጂ የመንደሯ ሣር አልነበረም።

በነሐሴ መጨረሻ ሥራው አምሀን ወደዚያው ወሰደው። አባቷን ድንገት ሄዶ ሰላም ቢል ረድኤት ምን ያህል ደስ እንደሚላት አሰበ። ዝናቡ እየወረደ ሞተሩን ጀፎረው ላይ ነዳው። መሃል ሲደርስ ሰመጠ። ነዳጅ ሰጠው፤ ጥርሰ ረጅሙ ጎማም የተሠራበትን ሥራ ሠራ። ከአቶ ገሠሠ ደጅ ሲደርስ ከኋላው ያለው ጀፎረ በሬ የገባበት እርሻ መስሏል። ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጣ። አቶ ገሠሠ መጀመሪያ ያዩት እንግዳውን ሳይሆን ሣሩን ነው።

ይህን ሁሉ አምሀ በዚያው ማታ በስልክ ነገራት። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር።

«ይህን ጎማ የመረጠልህ ማነው ብለው ጠየቁኝ።»

«ምን አልክ?»

«እኔው ራሴ ነኝ አልኩ።»

ረድኤት ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች አለቀሰች።

በማግስቱ የድሮዎቹን መላጣ ጎማዎች መልሶ አሰረና አዲሶቹን ከነቸርኬያቸው በአይሱዙ ላከላት። ሊያያት አፍሮ ነው። አልታጠቡም። በጥርሶቹ መሃል ከጭቃው ጋር የተሰነቀረ ሰርዶ ነበር፤ የመንደሯ ሣር፣ ከነሥሩ፣ ገና አልጠወለገም። ረድኤት አንድ በአንድ ለቀመችው። ያረጀ የመኪና ጎማ ለሁለት ሰንጥቃ አፈር ሞላችበትና ከሱቁ ጓሮ ተከለችው።

መስቀል እንዳለፈ አምሀ ሽማግሌ ላከ። አቶ ገሠሠ በክብር ተቀበሏቸው፣ አበሏቸው፣ አጠጧቸው። ከዚያ «ልጁን አልጠላሁትም» አሉ። «ጀፎረው ሣር ሳይለብስ ግን በዚህ ደጅ ስለ ልጄ አይወራም።» አምሀም እስከዚያ በመንደሩም በረድኤት ሱቅም እንደማይታይ ቃል ላከላቸው። ብዙ ሳይቆይ መሥሪያ ቤቱ ወደ ቡታጅራ አዛወረው።

ሊሄድ ሲል ደወለላት።

«ድምፅሽን ከሰማሁ መምጣቴ አይቀርም። ከመጣሁ ደግሞ ቃሌ ይፈርሳል። ሣሩ ሲለብስ አንቺው ደውዪልኝ።»

«ካልለበሰስ?»

ቆይቶ «ይለብሳል» አላት። ራሱም ያመነው አይመስልም ነበር።

በጋው ገባ። ዝናብ የሌለበት መሬት ቁስሉን እንደማይሸፍን ረድኤት ታውቃለች። የሞተር ድምፅ በሰማች ቁጥር ቀና ትላለች። መናኸሪያ በኩል ስታልፍ ረዳቶቹ «ቡታጅራ» እያሉ ሲጣሩ እግሯ ሳታዝዘው ይቆማል። ስልኩን ታወጣለች፣ ስሙን ታያለች፣ መልሳ ትከተዋለች። ጎማዎቹን ግድግዳው ላይ ሰቅላቸዋለች። ገዢ ሲጠይቅ «ተሽጠዋል» ትላለች። እትዬ ዘነበች ያልተከፈለበት ሽያጭ አይተው እንደማያውቁ ቢያጉረመርሙም ከግድግዳው አላወረዱባትም።

አባቷ ላይ ቂም ያዘች። በስልክ ከጤና ይስጥልኝ የዘለለ ቃል አታወጣም። ለአንድ ጭብጥ ሣር ብለው ነው ወይ እያለች ታማርራለች፤ ያንኑ ሣር ግን የፊቷን መታጠቢያ ውሃ ሳይቀር እያጠራቀመች ታጠጣዋለች። ሰርዶው ከጎማው ሞልቶ ወጣ፣ መሬት ያዘ፣ ጓሮውን ግማሽ አለበሰው።

የሰኔ ዝናብ እንደጣለ ነቃቅላ በማዳበሪያ ከረጢት አሰረችና መንደሯ ገባች። ማንም ሳያናግራት ጀፎረው መሃል ተንበርክካ ከጠባሳው አንድ ጫፍ መትከል ጀመረች። አባቷ ከኋላዋ መጥተው ሲቆሙ አልሰማችም።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ያበላሸሁትን እየመለስኩ ነው።» ቀና አላለችም። «ጎማውን የመረጥኩለት እኔ ነኝ፣ አባዬ። እሱ ሌላውን ሊወስድ ይችል ነበር። እንዳይወድቅብኝ ብዬ ነው።»

አቶ ገሠሠ በዝግታ ቁጢጥ አሉ። ከከረጢቱ አንድ እፍኝ ሰርዶ አንስተው ሥሩን አገላብጠው አዩ።

«አውቄዋለሁ» አሉ። «ልጄ ጎማ የምትሸጥ ሰው ነኝ እኮ። ‹እኔው ነኝ› ያለኝ ዕለት ወድጄዋለሁ።»

የረድኤት እጅ ጭቃው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ያ ሁሉ በጋ፣ ያ ሁሉ ቂም ዓይኗ ላይ መጣ። «ታዲያ ለምን?» አለች።

«ሣሩ የኔ ብቻ ቢሆን ያኔውኑ እተውለት ነበር። የመንደሩ ነው። የሰው ነገር አንስቼ እንዴት ልስጥ?»

ይህን ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ከጎኗ በጣታቸው መሬቱን ይጭሩ ጀመር። እስከ ምሳ ሰዓት አብረው ተከሉ። ጎረቤትም አንድ ሁለት እያለ መጣ፤ መቆፈሪያ የያዘ በመቆፈሪያው፣ ያልያዘ በእጁ።

ረድኤት ወልቂጤ ተመልሳ ሐምሌና ነሐሴን ዝናብ ስትቆጥር ከረመች። እንደ ሌላ ጊዜ መንገዱ ተበላሸ ብላ አላማረረችም። ባለፈው ክረምት ዝናብ ሲጥል ለእሱ ትፈራ ነበር፤ ዘንድሮ ካልጣለ ትፈራለች። አባቷ ከብት እንዳይረግጠው አጥር እንዳበጁለት በስልክ ነገሯት። እሷም ጤናቸውን በደንብ ጠየቀቻቸው።

ለመስቀል ዝግጅት መንደር የገባች ቀን ፀሐይ ወጥቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ የደመራ እንጨት ያከማቻሉ። ጫማዋን አውልቃ ጀፎረው ላይ ተራመደች። ጠባሳውን ፈልጋ አጣችው፤ ከሌላው ሣር ይልቅ ጠቆር ያለ አረንጓዴ መስመር ብቻ ከጀፎረው ጫፍ እስከ አባቷ ደጅ ቀርቷል። አቶ ገሠሠ የደጃቸውን አጥር እንደሚጠግን ሰው ጀርባቸውን ሰጥተዋት ቆመዋል። አጥሩ ግን ምንም አልሆነም።

ስልኳን አወጣች። አምሀ ከመጥራቱ አነሳው። ትንፋሹን ሰማች፤ ዓመት ሙሉ የናፈቀችው ያንን ትንፋሽ እንደሆነ ገባት።

«ለብሷል» አለችው።

የሆነ ነገር ወደቀበት፣ በር ተከፈተ፣ እየተጣደፈ መሆኑ ከድምፁ ያስታውቃል።

«አሁኑኑ እነሳለሁ። በወልቂጤ ሳልፍ ሞተሩ ላይ የትኛውን ጎማ ልግጠም?»

ረድኤት ከባዶ እግሯ ሥር ያለውን ሣር አየች። ወደ አባቷ ዞረች፤ እጃቸው አጥሩ ላይ ቆሟል፣ ጆሯቸው ግን እሷ ዘንድ ነው።

«በእግርህ ና» አለችው።